የጠገበ አየር

በደረቁ ወራት የሠራሁት ማሽን በሰፈሩ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ የታወቀ ነገር ነበር። ማጋነኔ አይደለም። እኔን "ፒንሳ" ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች ሁሉ እሱንም ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከእኔ ጤና በፊት የእሱን ይጠይቃሉ። "ፒንሳ፣ ልጅሽ ደህና ነው?" ይሉኛል።

ልጄ ሳጥን ነው። ሦስቱ ጎኖቹ በሽቦ ወንፊት የተሠሩ ናቸው፤ በወንፊቱ መሃል ከአናጢው መላጊያ ሥር የለቀምኩት የእንጨት ፍቅፋቂ ታጭቋል። ከላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ የተበሳ ቱቦ፣ ከታች ውሃውን መልሶ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ከሞተ የልብስ ማጠቢያ በወጣ ሞተር የሚዞር ማራገቢያ አለው። ትኩሱ አየር በእርጥቡ ፍቅፋቂ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቤት የሚገባው ቀዝቃዛው ነው። ማንም አላስተማረኝም። አንዱን የተቃጠለ ማራገቢያ ፈትቼ ሌላውን ገጥሜ፣ ሁለቴ ኤሌክትሪክ ነዝሮኝ፣ የቀረውን ከስልኬ ላይ አንብቤ ነው።

የተተከለው በአክስቴ ፀጉር ቤት የጓሮ መስኮት ላይ ነው። አክስቴን እቴቴ እላታለሁ። ፀጉር ቤቱ የአያቶቼ ቤት የፊት ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት ወደ መንገድ፣ አንድ መስኮት ወደ ጓሮ፣ ሦስት መስታወት፣ አንድ መታጠቢያ ገንዳና ሦስት ካስክ አለው። ካስክ ያው ሴቶቹ ፀጉራቸው በቢጉዲን ከተጠቀለለ በኋላ ጭንቅላታቸውን የሚከቱበት ትልቁ የማድረቂያ ቆብ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሲነሱ ክፍሉ ዳቦ ቤት ይሆናል። ከመንገዱ ማዶ ባለ ኤሲ ሳሎን አለ። እኛ ኤሲ አናስገባም፤ የቤታችንን የመብራት ሽቦ የዘረጋው አያቴ ነው፤ ሦስት ካስክና አንድ ኤሲ ቢጫኑበት ፊውዙን ትቶ ጣሪያውን ነው የሚያነሳው። ልጄ የተወለደው ለዚህ ነው።

በደረቁ ወራትማ ኮራሁበት። ፀጉሯ ያለቀላት ሴት ከወንበሯ አትነሳም ነበር። "ትንሽ ልረፍ" ትላለች፤ ታርፋለች፤ ታንኮራፋለች። እቴቴ በመቀስ እጀታ ትከሻዋን እየነካች "የኔ እመቤት፣ አልጋ አላከራይም" ትላለች።

ከዚያ ወበቁ መጣ።

ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጣሪያችን ላይ ተቀመጠ። ገመድ ላይ የዋለ ልብስ እንደተሰጣ እርጥብ ሆኖ ይገባል። ጨው ከዕቃው አልወጣም አለ። ፀጉር ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያወቀው መስታወቱ ነበር፤ ጠዋት የጠረግነው ረፋዱ ላይ ጉም ለብሶ ይጠብቀናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው ሞዴል ከአንገቷ ተላቅቃ ወደ ፊት ጎንበስ አለች፤ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እጅ የምትነሳ ትመስላለች።

አንዲት መምህርት መጣች። እቴቴ ታጥባ፣ ጠቅልላ፣ ካስክ ውስጥ አስገብታ፣ ፈትታ፣ ተኩሳ፣ ፀጉሯን ትከሻዋ ላይ እንደ ሐር አስተኛችው። መምህርቷ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አይታ አልጠግብ አለች። ቦርሳዋን አነሳች፣ ተሰናበተችን፣ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ፀጉሯ ቀድሟት ወጣ።

"እትዬ፣ ምን አደረጉኝ?" አለች በሁለት እጇ ይዛው።

"እኔማ አስተኝቼው ነበር፣ የኔ ልጅ። እሱ ነው የነቃው።"

"ማዶ እኮ እንዲህ አይሆንም።"

ይህን የተናገረችው በክፋት አልነበረም። እቴቴ ግን መጥረጊያውን አንስታ አንድም ፀጉር ያልወደቀበትን ወለል መጥረግ ጀመረች። እቴቴ ንጹሕ ወለል ስትጠርግ አያድርስ ነው።

እኔ መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። ማሽኑ አልበቃ ብሏል፤ ስለዚህ ይጨመርለት። ፓምፑን በትልቅ ቀየርኩ። ፍቅፋቂውን እጥፍ አደረግኩት። በረዶ እየገዛሁ ገንዳው ውስጥ ከተትኩ። እቴቴም የበኩሏን አደረገች፤ የመንገዱን መስኮት ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው፣ በበሩም ሥር ፎጣ ወሸቀች። "ቅዝቃዜው እየወጣ እኮ ነው! የቀዘቀዘ አየር ለመንገደኛ እናድላለን እንዴ?" አለች። እኔም በዚህ ነገር ተስማማሁ። ልብ በሉ፤ ከእቴቴ ጋር የተስማማሁበት ቀን ስለሌለ ነገሩ ሊያስጠረጥረኝ በተገባ ነበር።

በማግስቱ ግድግዳው አላበው። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት አልደርቅ አለች፤ ገብታ ወጥታ፣ ገብታ ወጥታ፣ በመጨረሻ "እኔ ፀጉር ላሠራ ነው እንጂ ልቀቀል አልመጣሁም" ብላ ቢጉዲኗን ራሷ ፈትታ ሄደች።

እንዲህ ባለው ቀን ነው መጋዘኑ ሜትር ይዞ የመጣው።

መጋዘኑ የእቴቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የእኔ አጎት። በርና መስኮት ይነግዳል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ሄዳችሁ ብታዩ ትስማሙበታላችሁ። መተላለፊያው በር ነው፣ ሳሎኑ በር ነው፤ መኝታ ቤቱ ለመግባት ሰባት በር ማንሳት አለባችሁ፤ አንዱም አይከፈትም። ክፉ ሰው ግን አይደለም። እህቱ ከጠዋት እስከ ማታ መቆሟ ያሳዝነዋል፤ የሚያሳዝነውን ነገር ሁሉ ደግሞ በር ደርድሮበት ሊያሳርፈው ይፈልጋል።

ሜትሩን ከገንዳው እስከ መንገዱ መስኮት ዘረጋ። "በቁም ከደረደርነው ሰማንያ በር ይይዛል" አለ።

"ጋሼ፣ ደንበኛ ተቀምጣ እኮ ነው" አለች እቴቴ።

"የታለች?"

እውነት ለመናገር ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ድመቷ ነበረች።

"ይበቃሻል፣ እህቴ። እግርሽ አብጧል። ማዶ ኤሲ አለ፤ አንቺ ጋ ደግሞ" አለና ወደ ልጄ ተመለከተ፣ "ፏፏቴ አለ።"

"አጎቴ፣ እሱ ፏፏቴ ከሆነ የእርስዎ በሮች ደን ናቸው" አልኩ። "ቢያንስ የኔው ይንቀሳቀሳል።"

"አንቺን ማን አናገረሽ?"

እቴቴ መጥረጊያውን አስቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። "የዳቦ ጋጋሪው ልጅ የምትዳረው የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያ ፀጉሯን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማዶ ሂጂ ሲሏት እምቢ ብላ ከአራት ሚዜዎቿ ጋር እኔ ዘንድ ነው የምትሠራው። ያ ቀን ካማረልኝ ሁለተኛ ሜትር ይዘህ እንዳትመጣ። ካበላሸሁት ግን ቁልፉን እዚያው በእጅህ አስቀምጥልሃለሁ። ቃሌ ነው።"

መጋዘኑ ሜትሩን ለቀቀው፤ ሽር ብሎ ተጠቀለለ። "ተስማምተናል" አለ፤ ወደ በሩ ሲሄድም የበሩን መቃን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ "ጥሩ እንጨት ነው" ብሎ ወጣ።

እንግዲህ እቴቴ ያለ ፀጉር ቤት ምን እንደምትሆን የማያውቅ ካለ ልንገረው። በበዓል ቀን እንኳ ጠዋት ተነስታ ከፍታ፣ ወንበሮቹን አይታ፣ ዘግታ ነው የምትመለሰው። እና እኔ አንድ ሳጥን ሠርቼ ያንን ቤት ላስዘጋ ነው። በረዶ ላመጣ ሮጥኩ።

ሁለት እጄን ሞልቼ ስመለስ እቴቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"መልሺው።"

"እቴቴ፣ አልገባሽም፤ ትንሽ በረዶ ብንጨምር—"

"ውሃ ጨመርሽ፣ ፍቅፋቂ ጨመርሽ፣ በረዶ ጨመርሽ፤ አሁን የቀረሽ ዓሣ መጨመር ነው! ተይው ስልሽ አትሰሚ!"

"እኔ የሠራሁትን ማሽን እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው?"

"ጠግበሻል!" አለችኝ። "እሱ ነው ችግርሽ! ለጠገበ ምን ቢያቀርቡለት አይወስድም! ምኑን ልጨምርብሽ? በየት ይግባልሽ?"

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀንም አላጣሁም፤ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንደተከፈተ ቀረ። በረዶው በእጄ ላይ እየቀለጠ በክርኔ ይንጠባጠባል።

"ማን ነው የጠገበው?" አልኩ።

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ ሌላ ጊዜ። አሁን የጠገበው አየሩ ነው።"

"ልጅቷ ለየላት" አለች እቴቴ ለድመቷ።

በረዶውን ገንዳው ውስጥ ጥዬ ወደ ዕቃ ሳጥኔ ሮጥኩ። ሁለት የግድግዳ ቴርሞሜትሮች ነበሩኝ። ከእቴቴ መሳቢያ ጥጥ ወስጄ የአንደኛውን ጫፍ ጠቀለልኩ፣ በውሃ አራስኩት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አንጠለጠልኩና በካርቶን አራገብኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አየሩ የተራበ ከሆነ ከጥጡ ላይ ውሃውን ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥቡ ቴርሞሜትር ወደ ታች ይወርዳል። አየሩ ከጠገበ ግን አይጠጣም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይቆማሉ። ልጄም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ በአየሩ ረሃብ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች እንደ መንትያ እኩል ቆሙ።

ወደ ጓሮ ይዣቸው ወጣሁ። አራገብኩ። እርጥቡ ወረደ። ብዙ አይደለም፤ ግን ወረደ።

"እቴቴ! ጓሮው ይሻላል! ወበቁን ከውጭ የመጣ አስመስለን እናማዋለን፤ ከውጭው የባሰ ወበቅ እያመረትን ያለነው እኛው ነን! መስኮቱን ዘግተን፣ የጠገበ አየር ይዘን፣ ብላ ብላ እያልን እናጎርሰዋለን!"

እቴቴ ቴርሞሜትሮቹን አየች፣ እኔን አየች። "እና ምን ይሁን?"

"መጀመሪያ ክፈቺው!"

የመንገዱን መስኮት ከፈተች፤ የበሩን ፎጣ በእግሯ ገፋችው። እኔ ፓምፑን አጥፍቼ ማራገቢያውን ብቻ ተውኩት። አየሩ ከጓሮ ገብቶ በመንገድ ወጣ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የመጣች ሴት ካስክ ውስጥ ገብታ በወጉ ደርቃ ወጣች። ፀጉሯ ተኛ። እሷ ግን ከቲማቲም አትለይም ነበር።

"ፀጉሩ ዳነ፤ ሴትየዋ ሞተች" አለች እቴቴ። "ለሙሽራ እንዲህ አይሆንም። ኩሏ ተንጠባጥቦ አገጯ ላይ ይደርሳል።"

"አውቃለሁ። ቅዝቃዜውን እፈልጋለሁ፤ እርጥበቱን አልፈልግም።"

"ይሄማ ማግባት እፈልጋለሁ፣ ባል አልፈልግም እንደማለት ነው።"

"ስንት ሴት ተመኝታዋለች፣ እቴቴ።"

እሷ ስትስቅ ነው ነገሩ የመጣልኝ ብል ደስ ባለኝ፤ የመጣልኝ ግን የቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ ስይዝ ነው። ጠርሙሱ እጄን አቀዘቀዘው፤ የውስጡ ውሃ ግን እጄን አልነካም። ግድግዳ ቅዝቃዜን ያሳልፋል፣ ውሃን ግን አያሳልፍም። ስለዚህ አየሩ ሁለት ይሁን። አንዱ አየር በእርጥቡ በኩል ይለፍ፤ ውሃውን ይጠጣ፣ ይጥገብ፣ ጥጋቡንም ይዞ እዚያው ጓሮ ይቅር። ሁለተኛው አየር ከስስ ብረት ማዶ ሆኖ በዚያ ቅዝቃዜ ይቀዝቅዝና ጠብታ ሳይነካው ወደ ቤት ይግባ። ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ከእኔ በፊት ያሰቡት ብዙ ሰዎች መኖራቸውን አየሁ። ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ማለፊያ ሰዎች ናቸው አልኩ።

የሚያስፈልገኝ ብዙ ስስ ብረት ነበር። ማተሚያ ቤት ሄድኩ። አንድ ጊዜ የታተመባቸው የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች እንደ ወረቀት ስስ ናቸው፤ ሥራቸው ሲያልቅ ጥግ ይከመራሉ። የማተሚያው ባለሙያ በቀለም የተነከረ ሽርጡን ለብሶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ለምንሽ ነው?"

"አየር ልጠቀልልበት።"

"አየር ይጠቀለላል?"

"እርስዎ ወሬ ጠቅልለው ይሸጡ የለ?"

ሳቀና አንድ እቅፍ ሙሉ አሸከመኝ። "ጠርዙ ይቆርጣል፤ ምላስሽን ጠብቂ" አለ።

ሰሌዳዎቹን በአንድ ልክ ቆረጥኩ። በየአንዳንዱ አንድ ፊት ላይ ውሃውን የሚይዝ ስስ ጨርቅ ለጠፍኩ፤ ጨርቁ እቴቴ ደንበኛ አንገት ላይ የምታስረው አሮጌው መከናነቢያ ነው። ከዚያ ግን መላ ጠፋኝ። ሰሌዳዎቹ እንዳይነካኩ፣ አየሩም በመካከላቸው እንዲያልፍ፣ በየመሃላቸው እኩል ውፍረት ያለው፣ ውሃ የማያበሰብሰው፣ ቀላል ነገር መግባት ነበረበት። ጓሮ ተቀምጬ እንጨት እሞክራለሁ፣ ቱቦ እቆርጣለሁ፤ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይሰበራል።

እቴቴ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች። ገባች። አንድ ካርቶን ተሸክማ ወጣችና እግሬ ሥር ገለበጠችው። ቢጉዲን! ጥርሳቸው የረገፈ፣ ቀለማቸው የለቀቀ፣ ከፀጉር ቤቱ መክፈቻ ጀምሮ መጣል ያልሆነላት ቢጉዲን፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ፕላስቲክ፣ ሁሉም አየር የሚያሳልፍ።

"እቴቴ!"

"ምን ታፈጪያለሽ፣ ቦታ ልቀቂልኝ።"

አጠገቤ ተቀመጠች። ሰሌዳ አኖርኩ፤ ቢጉዲኖቹን በቁም ደረደረች። ሌላ ሰሌዳ አኖርኩ፤ "አሁን በአግድም" አልኳት፤ በአግድም ደረደረች። በቁሙ የሚሄደው እርጥቡ አየር፣ በአግድሙ የሚሄደው ደረቁ፤ አንዱ ሌላውን ሳያየው ይተላለፋሉ። እጇን ብታዩት! እኔ አንዱን ረድፍ ሳስተካክል እሷ ሁለት ትጨርሳለች። ፀጉር የምትጠቀልል ይመስል መስመሩን በጣቷ እየሰነጠቀች፣ እያንጎራጎረች። አንዴ ተዘናግታ አንዱን ቢጉዲን ልትሰካው የፀጉር መርፌ በአፏ ይዛ አገኘኋት።

ሳጥኑን ጓሮ አቆምነው። ጠርዙን ሁሉ በሲሊኮን ደፈንኩ። ከካስኮቹ በላይ ደግሞ ከቆርቆሮ ቱቦ ሠርቼ የሚተፉትን ሙቀት በትንሽ ማራገቢያ በቀጥታ ወደ መንገድ አስወጣሁ። ማሽኑን ስናስነሳ ወደ ቤት የሚገባው አየር ላይ ቴርሞሜትሮቼን ሰቀልኩ። እንደ ደረቁ ወራት እጅ የሚያደነዝዝ አልነበረም፤ ወበቅ ወበቅ ነው፤ የጠገበን አየር ማስራብ አልችልም፤ እርጥበት አልጨምርበትም ነው ያልኩት። ግን ከውጭው በአራት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ገባ፤ መስታወቱም ጉም አልለበሰም። እቴቴ መስታወቱን በጣቷ ነካችው። ጣቷ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። ያን ቀን ወለሉን አልጠረገችም።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ሰማዩም እንዳመሉ ዝቅ ብሏል። ሙሽራዋና አራቱ ሚዜዎቿ ተንጫጭተው ገቡ። መጋዘኑም ገባ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሜትሩ ኪሱን ወጥሮታል። በሩ አጠገብ ካለው ካስክ ሥር ወንበር ሳበና ምስክር እንደተጠራ ሰው እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

"አጎቴ፣ ቢጉዲን ልጠቅልልልዎ?" አልኩት። ራሱ ላይ የቀረው ፀጉር ለአንድም አይበቃም።

"ሥራሽን ሥሪ።"

እቴቴ ስታጥብ፣ ስትጠቀልል፣ ሁለቱን ሚዜዎች ካስክ ውስጥ ስትከት አየሩ ቀስ ብሎ በአንገታችን ላይ ይሄዳል። አንደኛዋ ሚዜ "ውይ፣ እዚሁ በተዳረች" አለች። ሙሽራዋ ሙሉ ራሷን ተጠቅልላ ተራዋን ትጠብቃለች። እኔ ጥግ ቆሜ ምስጋና እጠብቃለሁ።

ያኔ ነው የመስታወቱን ጥግ ያየሁት። ትንሽ ጉም። የእጅ መዳፍ የማታክል።

ጠረግኳት። ተመለሰች። ቴርሞሜትሮቹን አየሁ፤ እየተቀራረቡ ነው። በእቴቴ ጆሮ "ሳጥኑ ያፈሳል" አልኳት። "እርጥቡ ወደ ደረቁ እየገባ ነው።"

ፊቷ አልተለወጠም። ማበጠሪያውን ሚዜዋ ፀጉር ላይ ሰክታ "የኔ ቆንጆ፣ አንዴ" አለችና ወደ ጓሮ ተከተለችኝ። መጋዘኑ አንገቱን አሰገገ።

ጎኑ ላይ አንዱ ስፌት ተላቅቋል። ሲሊኮን ነበረኝ፤ ግን ሲሊኮን እስኪደርቅ ሙሽራዋ ትወልዳለች። ማሽኑን ባጠፋው ካስኮቹ ክፍሉን ያነዱታል። ቆሜ ስፌቱን አያለሁ።

"ምን ይዘጋዋል?" አለች እቴቴ።

"የሚጣበቅ፤ ቶሎ የሚደርቅ፤ ውሃ የማያስገባ።"

"ሰም" አለች።

የእግር ፀጉር የምታነሳበት ሰም! ለሚዜዎቹ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ማሞቂያው ላይ ጥዳዋለች። ሰም እርጥብ ነገር ላይ አይይዝም ልል ስል የእጅ ማድረቂያውን፣ ፎኑን፣ ይዛ ተመለሰች፤ ስፌቱን እንደ ደንበኛ ፀጉር ከሥር ወደ ላይ አደረቀችው። ከዚያ ሰሙን በማንኪያዋ ለቀለቀች፣ የጨርቅ ቁራጩን ከላይ አስቀመጠች፣ በመዳፏ ወደ ታች ዳበሰችው፣ ጫፉን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ ትንፋሿን ሳበች—

"እንዳትነቅዪው!" ብዬ ጮህኩ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። የስንት ዓመት ልማድ ነው፤ ጨርቅ ከለጠፈች መንቀል አለባት። ተያየን። ሳቁ መጀመሪያ የመጣው በአፍንጫዋ ነው። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ጨርቁን ላለመንቀል እጆቿን ብብቷ ሥር ወሽቃ ትንፈራገጣለች።

ጩኸቱን ሰምታ ሙሽራዋ ቢጉዲኗን እንደደፋች ወጣች። "ምን ሆናችሁ? ደህና ናችሁ?" ብላ ጎንበስ ስትል ዐይኗ ሳጥኑ ጎን ላይ ተተከለ። "ይሄ እኮ የኔ ነው!"

"ምኑ?"

በመጨረሻው ሰሌዳ ላይ፣ ሰሙ ካለበት አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ በደማቁ የተቀረጸ የጥሪ ካርድ ነበር። የሷ ስም፣ የሙሽራው ስም፣ "በሠርጋችን ላይ ተገኝታችሁ ደስታችንን እንድትካፈሉ በአክብሮት ጠርተናል።" ያ ባለሙያ ያሸከመኝ ክምር ውስጥ ነበር፤ እኔ መች አነበብኩ፤ መጠኑን ብቻ ነው ያየሁት።

"ተመልከቱልኝ" አለች እንባዋ እየመጣ፤ "እትዬ ጥሪዬን ማሽን ላይ አስቀርጸውልኛል!"

እቴቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አፌን ከፈትኩ። እሷ በክርኗ ጎኔን ደቃችኝ፤ ዘጋሁት። ለእናንተ ነው የምናገረው፤ ሙሽራዋ እስከ ዛሬ አታውቅም።

መስታወቱ ጠራ። አምስቱም ደረቁ፣ ተፈቱ፣ ተተኮሱ። ሙሽራዋ የመጨረሻዋ ነበረች። እቴቴ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ ጠመዘዘችው፣ ሁለት ዘለላ በጆሮዋ ሥር ለቀቀች፣ መርፌውን ከአፏ እያወጣች ሰካች፣ ትንሽ ስፕሬይ ነፋችበት፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። አሁን የቀረው በሩ ነው። መምህርቷን የከዳት በር።

ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ሁላችንም ደጃፉ ላይ ተጨናንቀን ከኋላዋ እናያለን። ከደጃፉ እስከ መኪናው ያለው መንገድ በእንፋሎት የተሞላ ድስት ነበር። ደረጃውን ወረደች። ፀጉሩ ተኛ። መኪናው ጋ ደረሰች። ፀጉሩ ተኛ። ዞር ብላ እጇን ስታውለበልብ ሁለቱ ዘለላዎች ብቻ ተወዛወዙ፤ እነሱም ተፈቅዶላቸው ነው። ማዶ ካለው ሳሎን ሁለት ሴቶች መስኮት ላይ ወጥተው ይመለከቱን ነበር።

እቴቴ እጄን ያዘችና ጨመቅ አድርጋ ለቀቀችው። እሷ ዘንድ ይህ ንግግር ነው።

"በል እንግዲህ ጋሼ—" ብላ ዞረች።

መጋዘኑ ተኝቷል። ካስኩ ሥር አንገቱን ጥሎ፣ እጆቹን እንዳጣመረ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቀዝቃዛው አየር ሸሚዙን እያራገበለት ያንኮራፋል። ሜትሩ ከኪሱ ወድቆ ድመቷ ተኝታበታለች።

እቴቴ በመቀሱ እጀታ ትከሻውን ነካችው። "ጋሼ፣ አልጋ አላከራይም።"

ብንን አለ። "ቁልፉስ?" አለ መጀመሪያ።

"የምን ቁልፍ?" አለችው። ቁልፉ አንገቷ ላይ በክር ተንጠልጥሏል፤ ወደ ቀሚሷ ውስጥ ጣል አደረገችው።

መጋዘኑ ባዶውን ክፍል አየ፣ የጠራውን መስታወት አየ፣ እህቱን አየ። ሜትሩን ከድመቷ ሥር ጎትቶ አነሳ። እኔ ለጠብ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ በጓሮ በር ወጣ፤ ሳጥኑን በቁመት ለካ፣ በወርድ ለካ፣ ጠርዙን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

"መኝታ ቤቴ ውስጥ አይገባም" አለ እንደማዘን ብሎ።

"በሮቹን ካወጡ ይገባል" አልኩት።

"ስንት በር?"

"ሰባቱንም።"

ሜትሩን ኪሱ ከተተ። "ቢጉዲኑንስ ከየት እናመጣለን?"

"ጠገበ" አለች እቴቴ ከውስጥ፤ የሚቀጥለውን ፎጣ እያራገፈች። "ወረፋ ይያዝ በይው።"